ከፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚመጣ ድብርት የቀረበ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምኖር የ64 ዓመት ሰው ነኝ። በፕሮስቴት ካንሰር ምክንያት የፕሮስቴት ዕጢዬ (ከፊኛ ሥር ያለው የወንዶች ዕጢ) በቀዶ ሕክምና ከወጣልኝ አምስት ወር ሆኖኛል። ሐኪሞቹ ካንሰሩ ተወግዷል ቢሉኝም ሽንቴ ያመልጠኛል፤ ከባለቤቴም ጋር እንደ ቀድሞው መሆን አልቻልኩም። ቅዳሴውን ከበረንዳዬ ሆኜ በድምፅ ማጉያ እሰማለሁ እንጂ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቻለሁ። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት የለኝም፤ አንዳንድ ሌሊት «ባልነቃ ይሻል ነበር» እላለሁ። ሐኪም የድብርት ኪኒን አዘዘልኝ፤ ዘመዶቼ ግን «እምነትህ ስለጎደለ ነው፤ ኪኒኑን ትተህ ጸበል ግባ» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድማችን ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ «ባልነቃ ይሻል ነበር» ያሉትን ቃል ዛሬውኑ ለባለቤትዎና ኪኒኑን ላዘዘልዎ ሐኪም ይንገሩ። ሐሳቡ ከበረታብዎ ወይም ራስዎን የሚጎዱበትን መንገድ ማሰብ ከጀመሩ ደግሞ ብቻዎን አይሁኑ፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሰው አስከትለው ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

የዘመዶችዎ ንግግር ከፍቅር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ትክክል ግን አይደለም። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ በጸሎቱ እሳት ከሰማይ ካወረደ በኋላ፣ ኤልዛቤል ልትገድለው ስትዝት ወደ ምድረ በዳ ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ለመነ። እምነት የጎደለው ሰው ነበር ልንል ነውን? መልአኩ የመጣው ሊገሥጸው አልነበረም፤ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቅርቦ «ተነሥተህ ብላ» አለው እንጂ። በልቶ ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ ቀስቅሶ መንገዱ ሩቅ መሆኑን ነግሮ አበላው። «ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ የተጠየቀው ከዚያ በኋላ፣ ኮሬብ ከደረሰ ወዲያ ነው። እግዚአብሔር የደከመውን ሥጋ አስቀድሞ በምግብና በእንቅልፍ እንደ ጠገነለት ልብ ይበሉ። የእርስዎም እንቅልፍ ማጣትና ምግብ መጥላት የሚታከም ሕመም ምልክት ነው፤ እንዲህ ካለ ከባድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ወንዶች ይህ ይገጥማቸዋል፤ ስለሚያፍሩ ግን አይናገሩትም።

በግልጽ ባይጽፉትም ከሁሉ የከበደዎ «ወንድነቴ ቀረ» የሚለው ሐሳብ ይመስለኛል። ዕጢው ሽንትን ከሚገታው ጡንቻና ለሩካቤ ከሚያስፈልጉት ነርቮች ጋር የተጎራበተ በመሆኑ፣ ቀዶ ሕክምናው በጥንቃቄ ቢሠራም እነዚህ ሊነኩ ይችላሉ። የሽንቱ ነገር በአብዛኛው ሰው ላይ በወራት ውስጥ እስከ አንድ ዓመት ድረስ እየተሻለ ይሄዳል፤ ሽንትን የሚገታውን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴም ስላለ ሐኪምዎ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። የሩካቤው ነገር ደግሞ እስከ ሁለት ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ላይመለስም ይችላል፤ ለዚህም የሚረዳ ሕክምና አለ። በእግዚአብሔር ፊት ግን የሰው ክብር በዚህ አይለካም። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 56፣ ራሳቸውን እንደ ደረቅ ዛፍ ለሚቆጥሩ ጃንደረቦች (ስልቦች) ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም በቤቱ እንደሚሰጣቸው ጽፏል። ፊልጶስ ያጠመቀው ኢትዮጵያዊም ጃንደረባ ነበር፤ በሠረገላው ተቀምጦ ያነብ የነበረውም ይህንኑ ነቢይ ነው። ከባለቤትዎም አይሸሹ፤ ዝምታዎን እንደ መጠላት ሊቆጥሩት ይችላሉና የሆነውን ይንገሯቸው፤ ሐኪም ጋርም አብረው ይሂዱ።

ስለ ቤተ ክርስቲያን መቅረትዎ፦ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15 ፈሳሽ ያለበት ሰው ርኩስ ነው የተባለው ስለ ሌላ ዓይነት ፈሳሽ ነው፤ በሕመም ምክንያት የሚያመልጥ ሽንት ኃጢአት አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት የልብሱን ጫፍ ስትነካ ጌታ «ልጄ ሆይ» አላት እንጂ አላራቃትም። ታጥበው፣ የአዋቂ ዳይፐር አድርገው፣ ቅያሪ ልብስ በፌስታል ይዘው ይምጡ፤ መቆም ካቃተዎ ይቀመጡ፤ መውጣት ሲያስፈልግዎ እንዳይጨነቁ በር አጠገብ ይሁኑ። ስለ ሥጋ ወደሙ ዝግጅት ሁኔታዎን ሳይደብቁ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩ፤ በእኔ አስተያየት ግን በበረንዳ መቅረትዎ ከሽንቱ ይልቅ እየጎዳዎ ነው።

ጸበሉንና ኪኒኑን ማጣላት አያስፈልግም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ በጸለየ ጊዜ ጸሎቱ ተሰምቶለት ሳለ፣ ኢሳይያስ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዝዟል። ጸበል ይጠመቁ፤ ካህናትም ጸሎተ ቀንዲል ያድርሱልዎ፤ ኪኒኑንም በሰዓቱ ይዋጡ። የድብርት መድኃኒት ሥራው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ «አልሠራልኝም» ብለው አይቸኩሉ፤ ሻል ሲልዎትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት አያቋርጡት። ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው እንዲጾም አታስገድድም።