የስዋግ መጋረጃ የጎን ጭራ፦ ርዝመቱና ገበሩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ሳሎንሽ ላይ ስዋግ፣ ማለትም ከመስኮቱ አናት ተንጠልጥሎ መሃሉ ወደ ታች የሚረግብ የጌጥ ጨርቅ፣ ልታሰሪ ነው፤ ግራና ቀኝ የሚወርዱት ጭራዎች ምን ያህል ይርዘሙ ነው ያልሽው። ሰፊው ደግሞ «ገበር አያስፈልገውም» ብሎሻል። እኔም እዚሁ አዳማ መጋረጃ እሰፋለሁ፤ በገበሩ ነገር ከሰፊሽ ጋር አልስማማም።

የጎን ጭራ ታቹ የሚቆረጠው በሰያፍ ነው። ወደ መስኮቱ መሃል ያለው ጠርዝ አጭር፣ ወደ ዳር ያለው ረጅም ይሆናል። ሲታጠፍ በየእጥፋቱ ጫፍ የጨርቁ ጀርባ ብቅ ይላል። ገበር ከሌለው እንግዳሽ ቁጭ ብሎ የሚያየው ግልባጩን ነው! ብር ካጠረሽ ረከስ ያለ የፊት ጨርቅ ምረጪ እንጂ ገበሩን አትተዪ። ቀለሙን ከፊቱ ትንሽ ፈዘዝ አድርጊው። ደማቅ ወርቃማ ገበር የሚወዱ አሉ፤ ለእኔ የሠርግ አዳራሽ ይመስለኛል።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ መጋረጃሽ ከላይ እስከ ወለል 240 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ስዋጉ መሃሉ ላይ ወደ 48 ይውረድ፣ አንድ አምስተኛው መሆኑ ነው። ጭራው 80 ወይም 160 ቢደርስ ያምራል። 120 ላይ ግን አታስቁሚው፤ መስኮቱን እኩል ለሁለት ይቆርጠዋል። መቀስ ከመነሳቱ በፊት በአሮጌ አንሶላ ቆርጠሽ በመርፌ ቁልፍ ስቀዪውና ሶፋው ላይ ሆነሽ እዪው።

ጨርቅ ስትገዢ አትሰስቺ። ተሰፍቶ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጭራ 90 ያህል ስፋት ይበላል። መስቀያው እንጨት ከግድግዳው 15 ወጣ ካለ፣ ጎኑን የሚሸፍን 15 ሳይታጠፍ ይጨመርበት። ሁለቱ ጭራዎች ፊት ለፊት ተነባብረው ይቆረጡ፤ ያለዚያ ሁለት የግራ ጭራ ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ጨርቁ ከፋይ (ቬልቬት) ከሆነ ደግሞ የሁለቱም ጸጉር ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ።

የአዳማን ንፋስና አቧራ ታውቂዋለሽ፤ አቧራው እጥፋቱ ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ በሚስማር አይመታ፣ ተነቅሎ እንዲራገፍ በቬልክሮ ይያዝ። መስኮት ከፍተሽ የምትውዪ ከሆነ ረጅሙ ጫፍ ውስጥ ትንሽ ሮንዴላ ይሰፋበት፣ አይንቀለቀልም። የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ሐር አትሞክሪ፤ ቶሎ ይነጣል፣ ይሳሳል። ፖሊስተር ይሻልሻል።

ኮርኒስሽ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ስዋጉን ተዪውና ሳይረግብ ቀጥ ባለ ጨርቅ ላይ ጭራዎቹን ብቻ አሰሪ። ቁመቱንና ስፋቱን ከጻፍሽልኝ ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሚፈጅ አሰላልሻለሁ።