ሮምን በእግር፦ ከሐውልት ወደ ሐውልት

ልጆቼ፣

ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ሮም የምትደርሱት እየበዛችሁ ነው። ብዙዎቻችሁ ኮሎሴዎምን፣ ትሬቪንና ቫቲካንን በአንድ ቀን ሮጣችሁ ታዳርሱና ፎቶውን ልካችሁ ትመለሳላችሁ። ዕድሜዬን በመንገድ ሥራ የጨረስኩ መሐንዲስ ነኝና፣ ያን የመሰለ መንገድ ሳይታይ ሲታለፍ አንጀቴ አይችልም። ከሰማችሁኝ አንድ ጠዋት ዝርዝሩን ጣሉትና ከሐውልት ወደ ሐውልት ሂዱ።

በሮም 13 ጥንታዊ ሐውልቶች ቆመዋል፤ የሰው ምስል ሳይሆን እንደ አክሱሙ ቀጥ ብለው የቆሙ ረጃጅም ድንጋዮች (ኦቤሊስክ) ማለቴ ነው። ስምንቱ ከግብፅ የመጡ ናቸው፤ የቀሩት በሮማውያን ዘመን ግብፅን አስመስለው የተቀረጹ። ግዛቱ ሲፈርስ አብዛኞቹ ወድቀው አፈር ዋጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1585 መንበር ላይ የወጡት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 5ኛ ናቸው እያስፈለጉ መልሰው ማስተከል የጀመሩት። ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግሩ የሚሳለም እንግዳ እንዳይጠፋ ቀጥ ያለ መንገድ ያስቀድዱና ጫፉ ላይ ሐውልት ያቆሙለታል። ከሩቅ አይቶ ይሄዳል፤ ማንበብ አይጠበቅበትም። ስንት የመንገድ ምልክት አስተክያለሁ፣ ከዚህ የሚበልጥ ግን አላውቅም። የቫቲካኑን ከ300 ቶን በላይ የሚመዝን ድንጋይ በ1586 ያዛወረው ዶሜኒኮ ፎንታና 900 ያህል ሰው፣ ፈረስና ገመድ እንጂ ሞተር አልነበረውም!

ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀምሩ። ወጥታችሁ የምትቆሙበት ሰፊ ቦታ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ወደ ዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ጥቂት ስትራመዱ በመናፈሻ ውስጥ የግብፁ ንጉሥ ዳግማዊ ራምሴስ ያስቀረጸውን ሐውልት ታገኛላችሁ፤ የእነዚያን ወታደሮች መታሰቢያ አሸክመውታል። ዛሬ ለገሃር የምታውቁት የይሁዳ አንበሳ በወረራው ዘመን ተወስዶ የተቀመጠው እዚሁ ሥር ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ቁጣው የገነፈለውም እዚሁ ነው። ሰዉ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፈዋል። እናንተ ቁሙ።

ቀጥሎ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ። ሐውልቱ ያለው በቤተ ክርስቲያኗ ጀርባ ነው፤ ምንም ያልተጻፈበት ልሙጥ ድንጋይ፣ ብዙ አያቆያችሁም። በፊት ለፊቷ በኩል ቪያ ሜሩላናን ያዙና ቀጥ ብላችሁ ውረዱ። መንገዱ ኮብልስቶን ሲሆን ጥቁሩ ድንጋይ ዝናብ ሲነካው ያዳልጣል፤ ሶሉ ያላለቀ ጫማ አድርጉ። ውኃ አትግዙ፤ በየመንገዱ ያሉት የብረት ቦኖዎች ሳይቋረጡ ይፈስሳሉ፣ ይጠጣሉም። አፉን በጣታችሁ ስትደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ አፋችሁ ይፈናጠራል። ማኪያቶ ካማራችሁ እንደ አገሬው ባንኮኒው ጋ ቆማችሁ ጠጡ፤ ከተቀመጣችሁ ሊወደድባችሁ ይችላል።

መንገዱ የሚያበቃበት ላተራን አደባባይ ስትደርሱ ግን አትቸኩሉ። ይህ ዛሬ ቆመው ካሉት የግብፅ ሐውልቶች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ 32 ሜትር። የቆመው ካርናክ ቤተ መቅደስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ357 የሮማው ቄሣር ዳግማዊ ቆስጠንጢዮስ ሮም አስገባውና ቺርኮ ማሲሞ በተባለው የሠረገላ መሮጫ ሜዳ አቆመው። በ1587 ሦስት ቦታ ተሰብሮ ከመሬት በታች ተገኘ፤ በዓመቱ ተገጥሞ እዚህ ተተከለ። ዙሩትና መጋጠሚያውን ፈልጉ።

ከዚያ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ስሙ አምባ አራዳም ነው። አዎ፣ ያው በ1928 ዓ.ም. ወገኖቻችን በመርዝ ጋዝ ያለቁበት። ስሙ ይነሣ የሚሉ አሉ። እኔ ይቆይ ባይ ነኝ፣ ሥሩ ግን እዚያ ተራራ ላይ የተደረገው ይጻፍበት። ዝም ብሎ ተሰቅሎ ሲታይ አሁንም ድል የሚመስለው ይኖራል።

በድሮው ቅጥር በር በኩል፣ በካራካላ መታጠቢያ አጠገብ አልፋችሁ ፖርታ ካፔና ትደርሳላችሁ። የአክሱም ሐውልት ከ1930 እስከ 1996 ዓ.ም. የቆመው እዚህ ነው፣ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በሆነው ሕንፃ ፊት። ሕንፃው መጀመሪያ የታሰበው ለጣሊያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አገሩ ገባ። ፎንታና ቢያይ ምን ይል ነበር እላለሁ። ከመንገዱ ማዶ የተዘረጋው ሜዳ ቺርኮ ማሲሞ ነው፤ የላተራኑ ድንጋይ የተቆፈረው ከዚያ ነው። ሁለት የአፍሪካ ሐውልቶች ጎን ለጎን በሚባል ቦታ ቆመው ነበር ማለት ነው፣ በተለያየ ዘመን። የአንዱን ባለቤት የሚጠይቅ አልነበረም፤ የሌላው ባለቤት ደግሞ ሳይታክት ጠየቀ።

እስካሁን የሄዳችሁት ወደ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደከመው እዚያው ካለው ጣቢያ ሜትሮ ይሳፈር፤ ቴርሚኒ ሦስተኛው ፌርማታ ነው። ጉልበት የተረፈው ከበስተጀርባ ወዳለው ኮረብታ፣ ወደ ቪላ ቼሊሞንታና መናፈሻ ይውጣ፤ አራተኛው እዚያ ዛፍ ውስጥ ነው።