መልስ፦ «ያውቃል» እና «ያምናል» አንድ ናቸው ወይ?

«ያውቃል» እና «ያምናል» የሚሉትን በሎጂክ ስጽፍ ሁለቱንም በአንድ ምልክት ብወክላቸው ምን ችግር አለው ብለህ ነበር። አለው እንጂ! እምነት ሊሳሳት ይችላል። «ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው» ብዬ አምኜ ኪሴ ባዶ ሊሆን ይችላል። «ኪሴ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን የለም» ካልኩ ግን ንግግሬ ራሱን ያፈርሳል። በሎጂክ ፊንላንዳዊው ፈላስፋ ያኮ ሂንቲካ በ1962 ይህንኑ ደንብ አደረገው፦ የታወቀ ነገር ሁሉ እውነት ነው። ለእምነት ይህ ደንብ አይሠራም።

እውነት የሆነ እምነትስ እውቀት ነው? እዚህ ጋ ነው ጣጣው። ወንድሜ ሳላይ ቁልፉን ወስዶ፣ ተጠቅሞበት፣ መልሶ ኪሴ ከተተው እንበል። እምነቴ ልክ ነው፣ ምክንያትም አለኝ፤ ግን ልክ የሆንኩት በአጋጣሚ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኤድመንድ ጌቲየር በ1963 በሦስት ገጽ ብቻ ያነሳው ጥያቄ ይህን የመሰለ ነው፤ እስካሁን ያከራክራል። ስለዚህ ማን እንዳመነ ብቻ ሳይሆን በምን ማስረጃ እንዳመነም ለብቻው መዝግብ።