ስንዴውን ገና አታቋርጡ

ድሬዳዋ ላይ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ለሴሊያክ ምርመራ ቀጠሮ ይዛችሁ ሆዳችሁ ያስቸገራችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እነሆ።

ጥያቄ፦ ሴሊያክ ጨጓራ ነው እንዴ?
አይደለም። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን ሲበላ የሰውነት መከላከያ የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል።

ጥያቄ፦ ምርመራዬ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ዳቦ ስተው ሆዴ ቀለል አለኝ፤ ልቀጥል?
አቦ፣ እንዳትቀጥይ! እኛ ደምሽ ውስጥ የምንፈልገው ሰውነትሽ በግሉተን የተነሳ የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ስንዴ ስታቆሚ እሱም እየቀነሰ ይሄድና በሽታው እያለብሽ ወረቀቱ «የለም» ሊል ይችላል። ኢንዶስኮፒም (በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ አንጀትን ማየት) ቢታዘዝልሽ ያው ነው፤ አንጀቱ መዳን ይጀምራል። አሁኑኑ ለሐኪምሽ ንገሪው። ብዙ ጊዜ በቀን አንድ ሁለት ቁራጭ ዳቦ ለተወሰኑ ሳምንታት እንድትበዪ ያዝዛል። ጨርሶ ካልቻልሽም ንገሪው እንጂ ዝም ብለሽ አትሰቃዪ።

ጥያቄ፦ እኔ እንጀራ በደንብ እበላለሁ፤ አይበቃም?
አይበቃም። ጤፍም ማሽላም ግሉተን የላቸውም። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ብቻ ስትበላ ከርመህ ደም ብትሰጥ ስንዴ ካቆመ ሰው አትለይም። የሱቅ እንጀራ ገብስ ወይም ስንዴ ሊኖረው ስለሚችል የምትጋግረውን ሴት ጠይቃት። ሳምቡሳ፣ ፈቲራ፣ ፓስታና በሶ ግን አላቸው።

ጥያቄ (ከሐረር፣ አንዲት እናት)፦ ተቅማጡን እስከዚያ በምን ላስታግሰው?
እማማ፣ ዋናው ፈሳሹን መተካት ነው። ኦ አር ኤስ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው ቀስ እያሉ ይጠጡ። ሌላው ወተት ነው፤ የተጎዳ አንጀት የወተትን ስኳር መፍጨት ያቅተዋል። ወተት የበዛበት ሆጃ ከጠጡ በኋላ ሆድዎ የሚነፋ ከሆነ ለጥቂት ቀን ይተዉት፤ ምርመራውን አያበላሽም። ቅባትና ሚጥሚጣም ይቀንሱ። ሰገራዎ ውስጥ ደም ካዩ፣ ካዞረዎት ወይም ውሃ እንኳ አልቆይ ካለዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ጃርዲያ ቢሆንስ? መድኃኒቱን ልግዛ?
ምልክቱ በጣም ይመሳሰላል። ግን መጀመሪያ ሰገራ አስመርምር፤ አንድ ናሙና ስለሚያመልጠው መደጋገም ሊያስፈልግ ይችላል።

ጥያቄ፦ የደም ውጤቴ «የለም» ካለ በቃ ማለት ነው?
ሁልጊዜ አይደለም። አይጂኤ የሚባለውን ፕሮቲን ሰውነታቸው የማያመርት ሰዎች አሉ፤ በእነሱ ላይ የተለመደው ምርመራ ያታልላል። የጠቅላላ አይጂኤ መጠንም አብሮ ይታይልህ።

ጥያቄ፦ ጫትስ?
ይሄ ካልተጠየቀ ድሬ አይደለንም! ግሉተን የለውም፤ የምግብ ፍላጎት ግን ይዘጋል፣ ሆድም ያደርቃል። ሐኪሙ ክብደትህ ለምን እንደቀነሰ ሲጠይቅ መቃምህን አትደብቀው።