ዲኮደር ከማዘዝህ በፊት ሎኮሞቲቩን ክፈተው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ከጀርመን የመጣልህ አሮጌ የኤችኦ (በ1:87 የተሠራ ሞዴል ባቡር) ናፍጣ ሎኮሞቲቭ አለህ። በዲሲሲ (በሐዲዱ በኩል ለባቡሩ ዲጂታል ትእዛዝ በሚላክበት አሠራር) ልታስኬደው ትፈልጋለህ። አጎትህ ወደ ጅማ ስለሚመጣ ዲኮደር (ትእዛዙን ተቀብሎ ሞተሩንና መብራቱን የሚቆጣጠር ትንሽ ሰሌዳ) ልታስመጣ አስበሃል። «ባለ ድምፅ ይሻላል ወይስ ተራው? ብራንዱስ?» ብለሃል።

ከላይ የመለሱልህ ሁሉም ስለ ብራንድ ነው የጻፉት። እኔ ብራንዱን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። ጅማ ላይ ሆነን የማይገጥም ዲኮደር ቢመጣልን መልሰን የምንቀይርበት ሱቅ የለም። ቀጣዩን መንገደኛ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ሎኮሞቲቩ ራሱ ምን እንደሚፈልግ ሳታውቅ ምንም እንዳታዝ።

መጀመሪያ ገልብጠህ ሥሩን እይ። መሃል ለመሃል ረጅም የብረት ምላስ ካለው የሜርክሊን (የጀርመን አምራች) ባለ ሦስት ሐዲድ ነው ማለት ነው። የድሮዎቹ ሞተር የሚሠራው በኤሲ ነው፣ ለተለመደው ዲኮደር እንዲስማማ የሞተሩ ጥቅል ሽቦ በቋሚ ማግኔት መተካት አለበት። ጎማዎቹም ባለ ሁለት ሐዲድ መስመር ላይ ሾርት ያደርጋሉ። እንዲህ ከሆነ ምንም ሳታደርግ እዚሁ ጻፍልን፣ መንገዱ ሌላ ነው።

ምላስ ከሌለው ቅርፊቱን አውጣና የዲኮደር መሰኪያ ሶኬት ፈልግ። ባለ 8 ቀዳዳ ከሆነ ሥራህ ቀለለ። ዲኮደሩን ገልብጠህ ብትሰካው እንኳ ብዙ ጊዜ የሚሆነው መብራቱ እምቢ ማለቱ ነው፣ አዙረህ ትሰካዋለህ። አዳዲሶቹ ላይ ባለ 21 ፒን፣ ፕለክስ 22 ወይም ኔክስት 18 ታገኛለህ። እርስ በርሳቸው አይገጥሙም፣ ስለዚህ ስታዝ የሶኬቱን ዓይነት በስሙ ጻፍ። የአንተ አሮጌ ስለሆነ ሶኬት ላይኖረው ይችላል። ያኔ ባለ ሽቦ ዲኮደር ገዝተህ ትበይደዋለህ። ባዶውን ቦታም በማስመሪያ ለካ፤ ርዝመት፣ ስፋት፣ ቁመት። አንዳንዱ ቅርፊት ውስጥ ከሞተሩና ከክብደቱ ብረት ሌላ ለጣት እንኳ ቦታ የለም።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚዘለው ነገር ልምጣ። ሞተሩ ተይዞ ሲቆም ስንት አምፔር ይስባል? ሎኮሞቲቩን በ12 ቮልት ዲሲ ላይ አድርግ። መልቲሜትሩን 10 አምፔር ላይ አዙረህ ከአንዱ ሽቦ ጋር በተከታታይ አስገባው። ሞተሩ ሲዞር በጣትህ ያዝና አቁመው። ቁጥሩን አንብብና ወዲያው ልቀቅ፣ ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ ከቆየህ ሞተሩ ይግላል። የዘመኑ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ1 አምፔር በታች ነው። የድሮው ክፍት ሞተር ግን ከዚያ አልፎ ሊሄድ ይችላል። ያገኘኸው ቁጥር ዲኮደሩ ያለማቋረጥ ከሚችለው ማነስ አለበት። ማሸጊያው ላይ ሁለት ቁጥር ታያለህ፣ ትልቁ ለቅጽበት ብቻ የሚቻለው ነው። በእሱ አትታለል። ቁጥሩ በጣም ከበዛ ደግሞ መጀመሪያ ሞተሩን አጽዳና ዘይት ጠብ አድርግለት፣ ከዚያ እንደገና ለካ። ዓመታት ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመ ሎኮሞቲቭ ቅባቱ ስለሚደርቅ ብቻ ብዙ ይስባል።

ወደ ድምፁ ልምጣ። ፍላጎትህ ይገባኛል፤ የናፍጣ ሞተር ድምፅ ሲነሳ ደስ ይላል። ነገር ግን ባለ ድምፁ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከተራው እጥፍ በላይ ነው። ስፒከርና የታሸገ የስፒከር ሳጥንም ቦታ ይፈልጋል። የስፒከሩ ኦም ዲኮደሩ ከሚፈቅደው ካነሰ ደግሞ ማጉያውን ሊያቃጥለው ይችላል። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ያንን ገንዘብ ለሁለት ነገር ነበር የማውለው፤ ለጥሩ የሞተር ቁጥጥርና ለካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለጥቂት ጊዜ አጠራቅሞ የሚይዝ ዕቃ)።

የሞተር ቁጥጥር ስል ባክ ኢኤምኤፍ ማለቴ ነው። ዲኮደሩ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ ነው። በመሃል ባለችው ክፍተት ሞተሩ እየዞረ የሚያመነጨውን ቮልቴጅ ይለካል። ፍጥነቱ እንደቀነሰ ካየ ኃይል ይጨምራል። አሮጌ ሞተር በዝግታ ሲሄድ የሚንገጫገጨው በዚህ ነው የሚስተካከለው።

ካፓሲተሩን የማነሳው ስለ ጅማ ነው። የእኛ ዝናብ ረጅም ነው፣ ቤቱ ሁሉ እርጥብ ነው። ፈረንጅ አራዳ ያለው የእኔ መስመር በክረምት ጥቂት ቀን ካልሠራ ሐዲዱ ይጠቁራል፣ ባቡሩም መለያያው (ሐዲዱ ለሁለት የሚከፈልበት) ላይ ሲደርስ ይቆማል። በአልኮል እወለውለዋለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ግን በፍጹም፤ የሚጭረው መስመር ቆሻሻውን ይዞ ያስቀራል። ካፓሲተር ያለው ሎኮሞቲቭ ያቺን የቆሸሸች ቦታ ሳይቆም ያልፋታል። ስለዚህ ስታዝ የካፓሲተር መግጠሚያ ያለውን ምረጥ፣ አብሮ የሚሸጠውንም ጨምር። ባዶ ካፓሲተር ከገበያ ገዝቶ በቀጥታ መበየድ አይመከርም። ያለ ሬዚስተርና ዳዮድ ሲሞላ በአንዴ ብዙ ስለሚስብ ኮማንድ ስቴሽኑ (ለሐዲዱ ኤሌክትሪክና ትእዛዝ የሚልከው ዋና ሳጥን) ሾርት መስሎት ይዘጋል።

ብራንዱ? ሌንዝ፣ ኢኤስዩ፣ ዚሞ፤ ሦስቱም ጥሩ ናቸው። ሁሉም የኤንኤምአርኤን (የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ማኅበር) ስታንዳርድ ስለሚከተሉ አንተ በአርዱዪኖ ሜጋ ከሠራኸው ዲሲሲ ኢኤክስ ኮማንድ ስቴሽን ጋር ይግባባሉ።

አንዳችሁ የድሮውን የጅቡቲ ባቡር ሞዴል ልሥራ ብላችሁ ነበር። የዚያ ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ስለነበረ በ1:87 ሲሠራ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ነው የሚሄደው። ሎኮሞቲቮቹ ጠባብ ናቸው፣ እዚያ ኔክስት 18 ወይም ባለ 6 ፒን ያስፈልጋል። አዲሱ መስመር ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በተለመደው 16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ይሠራል።

ዲኮደሩ ሲመጣ ሽቦዎቹን እንዲህ ለያቸው። ቀይና ጥቁር ከሐዲዱ፣ ብርቱካናማና ግራጫ ወደ ሞተሩ፣ ሰማያዊው የመብራቶቹ የጋራ፣ ነጭ የፊት መብራት፣ ቢጫ የኋላ። ከመበየድህ በፊት የሞተሩ ሁለት ብሩሾች (ኤሌክትሪክ የሚያስገቡለት) ከሻሲው፣ ማለትም ከብረት አካሉ ጋር እንደማይገናኙ በመልቲሜትር አረጋግጥ። በድሮ ሎኮሞቲቭ አንዱ ብሩሽ ብዙ ጊዜ ከሻሲው ጋር ተያይዟል። ይህ ካልተለያየ ዲኮደሩ ዋናው ሐዲድ ላይ እንዳስቀመጥከው ሊቃጠል ይችላል። ሽቦው ቀጭን ነው፣ እጅህ ካልለመደ እዚሁ ጅማ መርካቶ ያሉት ሞባይል ጠጋኞች ጥሩ ጫፍ ያለው መበየጃ አላቸው። አጠገባቸው ቆመህ ቀለሞቹን ንገራቸው። የተበየደውን ሁሉ በናስትሮ ሸፍን፣ ዲኮደሩን ግን አትጠቅልለው፤ ይሞቃል፣ አየር ይፈልጋል።

ከዚያ በቀጥታ ዋናው መስመር ላይ እንዳታስቀምጠው። መጀመሪያ ፕሮግራሚንግ ትራክ (ዲኮደሩ የሚነበብበትና የሚስተካከልበት የተለየ ሐዲድ) ላይ አድርገህ ሲቪ 8ን አንብብ፤ ሲቪ የዲኮደሩ ማስተካከያ ቁጥር ነው፣ 8ኛው አምራቹን ይነግርሃል። እዚያ ኤሌክትሪኩ ትንሽ ስለሆነ የሽቦ ስህተት ቢኖርም ዲኮደሩ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። 151 ካነበብክ ኢኤስዩ፣ 145 ዚሞ፣ 99 ሌንዝ ነው። መልስ ካልመጣ ካፓሲተሩን ነቅለህ እንደገና ሞክር፣ ንባቡን ሊያውክ ይችላል። አሁንም ዝም ካለ ሽቦውን ፈትሽ። መልስ ከመጣ አድራሻው ከፋብሪካው 3 ስለሆነ በእሱ አስነሳው። ወደ ኋላ ከሄደ በሲቪ 29 ይገለበጣል። ሲቪ 3ና ሲቪ 4ን ከፍ ብታደርግ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ይቆማል።

የውስጡን ፎቶና ያገኘኸውን የአምፔር ቁጥር ለጥፍልንና የትኛውን ሞዴል እንደምታዝ አብረን እንወስን።