ሐረጎን ስትወርጂ የሚላላው ፍሬን

ደሴ እየኖረች ኮምቦልቻ የምትሠራ እህታችን እንዲህ ስትል ጠይቃለች፦ «አውቶማቲክ ቪትዝ ነው የምነዳው። ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ልጨርስ ስል የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል። የፍሬኑ ፔዳልም ይላላና ወደ ታች ይገባል። ሥራ ቦታ ደርሼ ትንሽ ሲቆይ ይስተካከላል። የፊት የፍሬን ሸራ አስቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለቱን የምወርደው በዜሮ ማርሽ ነው። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል፦ ዜሮ ማርሽ።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ያን ሁሉ ቁልቁለት በዜሮ ስትወርጂ መኪናዋን የሚይዛት ፍሬኑ ብቻ ነው። ሸራው የሚይዘው የጎማው ዲስክ ይግላል፣ ሙቀቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ያልፋል። ፍሬን ዘይት ደግሞ ውሎ ሲያድር ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ዘይት እስከ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም። እርጥበት የገባበት ግን 140 አካባቢ ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል። ዘይት አይጨመቅም፤ እንፋሎት ይጨመቃል። እግርሽ ሥር የሚላላው እሱ ነው። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ፈሳሽ ስለሚሆን ፍሬኑ የዳነ ይመስልሻል። አልዳነም።

ችግሩ የሸራ መጋል ብቻ ቢሆን ፔዳሉ እንደጠነከረ መኪናው አልቆም ይልሽ ነበር። ሸራ መቀየሩ ያልፈየደው ለዚህ ነው።

ዜሮ ማርሽ ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለው ለቪትዝ አይሠራም። ሞተሩ ኢንጀክሽን ነው። ማርሽ ላይ እያለች ነዳጅ መስጫውን ስትለቂ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ይዘጋዋል። ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን ይጠጣል። ሞተር አጥፍተው የሚወርዱም አሉ። ያን ጊዜ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ሁለት ሦስቴ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል፤ መሪውም ድንጋይ ይሆናል። አደራሽን፣ አትሞክሪው።

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ከ«ዲ» ወደ «2»፣ «ኤስ» ወይም «ቢ» አምጪው፤ እንደ መኪናሽ ሞዴል ነው። ሞተሩ ይጮሃል፣ አትደንግጪ። ፍጥነቱ ሲጨምር ፍሬኑን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ ቀነስ ሲል ልቀቂው። እግርሽን ፔዳሉ ላይ አስደግፈሽ አትውረጂ።

አሁን ወደ ጋራዥ። የፍሬን ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ መሙላት ብቻ አይበቃም። ሲሠራም ቆመሽ እዪ። ጎማው ጀርባ ባለችው ትንሽ ቡሎን ላይ ቀጭን ቱቦ ይሰካል። አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ቡሎኗን ከፈት ዘጋ ያደርጋል። መጀመሪያ የሚወጣው ዘይት አተላ ይመስላል፤ አረፋም ይኖረዋል። እንደ ማር ወለላ ጠርቶ፣ ያለ አንዲት አረፋ መውረድ እስኪጀምር አያቁሙ። አራቱም ጎማ እንዲሁ።

የዘይቱ ጣሳ ፊትሽ ይከፈት። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ዘይት እርጥበት ስቧል። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት እንዳይቀላቀልበት፤ ፍሬኑ ውስጥ ያሉትን የላስቲክ ጎሚኒዎች ያሳብጣቸዋል። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር ይበቃሻል።

እግረ መንገዳቸውን የኋላውንም ሸራ ይዩልሽ። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ የሚግል ከሆነ እዚያ ጋ ፍሬኑ ይዞ አልለቀቀም ማለት ነው። የዘይቱ መጠን የሚጎድል ከሆነ ደግሞ የሚያፈስ ቦታ ሊኖር ስለሚችል ሳይመረመር አትንጂ።

መንገድ ላይ ፔዳሉ ከላላብሽ ደጋግመሽ ርገጪው፣ ማርሽ ቀንሺ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልሽ ሳቢ፣ ዳር ያዢ። ሲቆም ሃይላንድ ውሃ አንስተሽ የጋለው ዲስክ ላይ አታፍሺ፤ ዲስኩ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ግማሽ ሰዓት ያህል በራሱ ይቀዝቅዝ።

ዘይቱ እስኪቀየር ግን ቪትዟን ደሴ አቁሚያትና በሚኒባስ ውረጂ።