የመጀመሪያው ንባብ ለምን ይበልጣል?

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ጠዋት 25 ሚሊ ሊትር አሲድ በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ቤዙ) ስንለካ የፈሰሰው ቤዝ መጀመሪያ 20.7፣ ቀጥሎ 20.1 እና 20.1 ሚሊ ሊትር ይመጣል። የልኬቱን ማብቂያ በቀለም የሚያሳየን የፌኖልፍታሊኑ ሮዝ ቀለምም ቆይቶ ይጠፋል። ቤዙን የምናፈስበት ባለመዝጊያ የመለኪያ ቱቦ፣ ቢዩሬቱ፣ ያንጠባጥብ ስለነበር መዝጊያውን ቫዝሊን ቀብተነዋል።

መልስ፦ መምህር፣ ቫዝሊን የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። አሲዱም ቤዙም ደኅና ናቸው። ከመዝጊያው በታች ባለው ቀጭን ጫፍ አየር ተቀምጧል። በመጀመሪያው ልኬት መካከል አየሩ ሲወጣ ፈሳሹ ቦታውን ይሞላል፤ ያ 0.6 ሚሊ ሊትር ተቆጠረ እንጂ ብልቃጡ ውስጥ አልገባም። ወደ ጫፉ የወረደው ቅባት ደግሞ አየሩን አልለቅ ብሏል።

መዝጊያውን ነቅለው በሞቀ የሳሙና ውሃ ይጠቡት፤ ጫፉንም አይርሱ። የቴፍሎን መዝጊያ ቅባት አይፈልግም፤ ነቱን በጣት ጠበቅ ያድርጉለት። የብርጭቆ ከሆነ ስስ የመዝጊያ ቅባት፣ ያውም ከቀዳዳው ርቆ። ርካሾቹ መዝጊያዎች ከካርቶን ሲወጡ ጀምሮ የሚያፈሱ ናቸው፤ እነሱን ማከም ድካም ብቻ ነው።

ሲሞሉ ቢዩሬቱን አውርደው አፉን ከዓይን በታች ያድርጉት። ቤዝ ዓይን ውስጥ ሲገባ ከአሲድ ይብሳል፣ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ከዚያ መዝጊያውን በአንዴ ወለል አድርገው ይክፈቱ፤ አየሩ ተገፍቶ ይወጣል። ኢንቡቶውን ያንሱና ያንብቡ።

የቀለሙ መጥፋት የምወደው ጉዳይ ነው። ብልቃጡን ባወዛወዙ ቁጥር ከክፍሉ አየር፣ ከአርባ ተማሪ ትንፋሽም ጭምር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ፈሳሹ ይገባል። ከውሃው ጋር ካርቦኒክ አሲድ ይሆንና የተረፈችውን ጥቂት ቤዝ ይበላታል። ፌኖልፍታሊን ሮዝ የሚሆነው ፒኤች (ቤዝ ሲበዛ ከፍ የሚለው ቁጥር) ከ8.2 ገደማ ሲያልፍ ነው፤ ከዚያ ሲወርድ ቀለሙ ይከዳል። ስለዚህ ፈዛዛው ሮዝ 30 ሰከንድ ከቆየ ልኬቱ አልቋል። በኋላ ጠፋ ብለው ጠብታ ከጨመሩ የሚለኩት የክፍሉን አየር ነው። ጠርሙሱንም ክፍት አይተዉት፣ ቤዙ በዚሁ መንገድ ይደክማል።

ሲጨርሱ ቤዙን ደፍተው በውሃ ያለቅልቁት። ካደረበት የብርጭቆ መዝጊያ ይጣበቃል፤ በፒንሳ ተጠምዝዘው የተሰበሩ ስንት አይቻለሁ።

ደግሜ ልናገር፣ አፉ ከዓይን በታች፣ መነጽርም ይደረግ። ተማሪው አጭር ከሆነ ወንበር ላይ አያቁሙት፤ ማቆሚያውን ወለሉ ላይ ያውርዱለት።